ግራፉ ቀጥ አለ፦ የማዕድን አሟሚ ባክቴሪያ ሞዴል የሥራ ማስታወሻ ከደብረ ማርቆስ

ጥቅምት፣ መጀመሪያው ሳምንት

የሥራው ዓላማ በአጭሩ ይህ ነው፦ መዳብን ከድንጋዩ ውስጥ በባክቴሪያ አማካይነት ማውጣት የሚባለውን ነገር በጠርሙስ መጠን ሠርተን የባክቴሪያውን ዕድገት በእኩልታ መከታተል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የጠርሙሱን ጠባይ የሚያውቁት የባዮሎጂ ባልደረባዬና የላብራቶሪው ባለሙያ ናቸው። ባለሙያውን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን፤ እሳቸውም አስተማሪውንም ተማሪውንም ሳይለዩ “ልጄ” ይላሉ። ስሌቱን አብራኝ የምትሠራው የማስተርስ ተማሪዬ ናት።

ባክቴሪያው አሲዲቲዮባሲለስ ፌሮኦክሲዳንስ ይባላል። ኮልመርና ሂንክል የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1947 ከድንጋይ ከሰል ማውጫ በሚፈስ አሲዳማ ውኃ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍጥረት መኖሩን አሳወቁ። ኑሮው ለየት ያለ ነው። ስኳር አይፈልግም። ኃይሉን የሚያገኘው ፌረስ ብረትን አንድ ኤሌክትሮን ነጥቆ ወደ ፌሪክ ብረት በመለወጥ (ሁለቱም በውኃ የሟሟ ብረት መልኮች ናቸው)፣ ካርቦኑን የሚያገኘው ደግሞ ከአየር ነው። ድንጋዩን በዋናነት የሚያሟሟው ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን እሱ ያመረተው ፌሪክ ብረት ነው። ፌሪኩ የድኝ ማዕድኑን ሲያጠቃ መዳቡ ወደ ውኃው ይለቀቃል፣ ፌሪኩም ተመልሶ ፌረስ ይሆናል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ፌረሱን ተቀብሎ እንደገና ፌሪክ ያደርገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ድንጋዩን ትተን የብረቱን ዑደት ብቻ ለመያዝ ተስማማን። ብረቱን በትክክል ሳንከተል መዳቡን እንከተል ማለት ዘበት ነው።

ጥቅምት፣ ማክሰኞ

ምግቡ ተዘጋጀ። ሲልቨርማንና ሉንድግሬን እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጡትን ቀመር ነው የተከተልነው፦ በአንድ ሊትር ውኃ 44.22 ግራም ፌረስ ሰልፌት፣ 3 ግራም አሞኒየም ሰልፌት፣ ግማሽ ግማሽ ግራም የፖታሲየም ፎስፌትና የማግኒዚየም ሰልፌት፣ ትንሽ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ከዚያም በጣት ጥፍር የማይሞላ ካልሲየም ናይትሬት። ሰልፈሪክ አሲድ ጠብ እያደረግን ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 1.8 አወረድነው። ብረቱ በሊትር 8.9 ግራም ገደማ ይሆናል። ከአዲስ አበባ የመጣልንን ባክቴሪያ አስቀድመን በትንሽ ፍላስክ አባዝተን ነበርና ከዚያ አንድ እጅ እንደ እርሾ ወስደን በዘጠኝ እጅ ምግብ ጨመርን።

መለኪያችን ቡሬት (ጠብታ የሚያወርድ ባለ ጭረት የመስታወት ቱቦ) እና ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ነው። አምስት ሚሊ ሊትር ናሙና በፒፔት ይወሰዳል፣ አሲድ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ሐምራዊው ፐርማንጋኔት ጠብ ጠብ ይላል። ፌረስ ብረት እስካለ ድረስ ጠብታው እንደ ነካ ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲያልቅ ቀጭን ሮዝ ቀለም ሳይጠፋ ይቆያል። ችግሩ ፌሪክ ብረት ራሱ ቢጫ በመሆኑ ሮዙን ይሸፍነዋል። ጋሼ ሳይጠየቁ የፎስፎሪክ አሲዱን ጠርሙስ አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡ። ሁለት ሚሊ ሊትር ሲገባበት ቢጫው ድራሹ ጠፋ፤ ፎስፌቱ ፌሪኩን ቀለም በሌለው ውሁድ ያስረዋል። 0.02 ሞላር ፐርማንጋኔት አንዱ ሚሊ ሊትር 1.117 ግራም በሊትር ብረት ያሳያል። የመጀመሪያው ንባብ 7.15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በሊትር 8 ግራም። እርሾው ብረቱን አስቀድሞ የጨረሰ በመሆኑ ከ8.9 ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው።

ጥቅምት፣ ዐርብ

ዛሬ ወረቀት ላይ ዋልን። ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1949 በሰፊው ያስተዋወቀው እኩልታ መነሻችን ነው። የባክቴሪያው የዕድገት ፍጥነት ከአንድ ጣሪያ አያልፍም፤ ምግቡ ሲያንስ ደግሞ ከጣሪያው ዝቅ ይላል። ፍጥነቱ የጣሪያው ግማሽ የሚሆንበት የምግብ መጠን ሁለተኛው ፓራሜትር (ከመረጃ የሚገኝ የእኩልታው ቁጥር) ነው። በዚህ ላይ ፌሪክ ሲከማች ባክቴሪያውን ስለሚጫነው ለዚያ የሚሆን ሦስተኛ ፓራሜትር ይጨመራል።

ተማሪዬ ሦስቱንም ከአንድ ጠርሙስ መረጃ እናገኛለን ብላ ተነሣች። አይቻልም፤ ምክንያቱን ሰሌዳው ላይ በቁጥር አየነው። የግማሽ ፍጥነቱ የምግብ መጠን ለዚህ ባክቴሪያ በሊትር አሥር ቤት በሚቆጠር ሚሊ ግራም የሚገመት ነገር ነው። የቡሬታችን አንዲት ትንሽ ጭረት፣ 0.05 ሚሊ ሊትር፣ 56 ሚሊ ግራም በሊትር ናት። የምንፈልገው ቁጥር ከንባብ ስህተታችን ጋር እኩል ወይም ያነሰ ነው ማለት ነው። ብረቱ በግራም ሲቆጠር ሞዴሉ ይህንን ፓራሜትር አይነካውም፤ ፓራሜትሩ የሚናገርበት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ቡሬቱ ማየት ያቅተዋል። ኮምፒውተሩ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ጠይቀው፣ ሦስት አኃዝ ከነነጥቡ ይሰጥሃል። ስለዚህ ይህንንና የፌሪኩን ፓራሜትር ከታተሙ ጽሑፎች ወስደን ቋሚ አደረግናቸው፤ ከእኛ መረጃ የምንፈልገው የፍጥነቱን ጣሪያ ብቻ ሆነ።

ጥቅምት መጨረሻ

ጠርሙሱ ወደ ጥቁር ቀይ እየዞረ ሄዶ ፌረስ ብረቱ አለቀ። ነጥቦቹን ግራፍ ላይ አሰፈርናቸው። ሞዴሉም በነጥቦቹ መካከል አለፈ፣ የመጣጣሙም መለኪያ የሚያኮራ ሆነ። ለሪፖርት ቢሆን እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር።

ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ነጥቦች ብቻ ለይተን ብንወስድ የፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት 0.09 ይወጣል። ሁሉንም ነጥቦች አንድ ላይ ስንወስድ 0.05። አንደኛው ባክቴሪያው በ8 ሰዓት ገደማ ውስጥ እጥፍ ይሆናል ይላል፣ ሌላኛው በ14 ሰዓት። ጣሪያ ማለት ጣሪያ ነው፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ አይወርድም። ግራፉን አግድም ስናየው ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ ብረቱ ከ5 ግራም በታች ከወረደ በኋላ ያለው መስመር ጥምዝ ሳይሆን በማስመሪያ የተሰመረ ቀጥ ያለ ነው። ቡሬቱ በየሁለት ሰዓቱ 0.55 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀንሳል፤ ቀንም ሌትም ያው ነው። እጥፍ በእጥፍ የሚራባ ፍጥረት እየበዛ ሄዶ እንዴት እኩል እኩል ይበላል?

ኅዳር፣ ሰኞ

ግራፉን ለጋሼ አሳየኋቸው። ጥቂት አዩትና፣ “ልጄ፣ ምጣዱ አንድ ከሆነ አሥር ሴት ብትሰለፍም እንጀራው ያው ነው” አሉኝ።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁም። ምጣዱ የቱ ነው የሚለውን ማረጋገጥ ቀላል ነው። እርሾውን እጥፍ አድርገን ሌላ ጠርሙስ ጀመርን። ፍጥነቱን የወሰነው የባክቴሪያው ብዛት ከሆነ ቀጥ ያለው መስመር ሁለት እጥፍ ይሾላል። የወሰነው ከውጭ የሚመጣ ነገር ከሆነ ደግሞ መስመሩ ቶሎ ይጀምራል እንጂ ዝንባሌው አይለወጥም።

ኅዳር፣ ረቡዕ

መስመሩ ቶሎ ጀመረ፣ ዝንባሌው ያው ነው። ከውጭ የሚመጣው ነገር አየር ብቻ ነው።

ሒሳቡም ይህንኑ ይላል። አራት የፌረስ ብረት አተሞች አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ይፈጃሉ፤ በክብደት ሲሰላ አንድ ግራም ብረት 0.143 ግራም ኦክስጅን ይጠይቃል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለውን 8.9 ግራም ብረት ለመጨረስ 1.27 ግራም ኦክስጅን ያስፈልጋል። በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እዚህ ደብረ ማርቆስ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 5.5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ውኃው የያዘው ኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አልቆ መተካት አለበት ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚያመላልሰው ከባሕር ዳር የገዛናት የዓሣ ገንዳ አየር ፓምፕ ናት፤ የቡና ሲኒ ታክላለች።

ኅዳር፣ ሐሙስ

መብራት ጠፋ።

ፓምፑም ማማሰያውም ዝም አሉ። በባትሪ የሚሠራው የሟሟ ኦክስጅን መለኪያ ግን ጠርሙሱ ውስጥ ነበር። አዲሱ ጠርሙስ ገና በዕድገቱ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ንባቡ 4.0 ሚሊ ግራም በሊትር ያሳይ ነበር። መለኪያውን በእጄ ቀስ እያልኩ እያማሰልኩ ተማሪዬ በየደቂቃው ትጽፍ ጀመር፦ 3.8፣ 3.6፣ 3.4፣ 3.2። በደቂቃ 0.21 ገደማ። ቁጥሩ አንድ አካባቢ ሲደርስ አወራረዱ ለዘብ አለ፤ ባክቴሪያው ኦክስጅን ሲያጥረው የሚዘገይበት ነጥብ በዓይናችን ታየ።

ከማዕድን ማውጫ ርቆ ለሚሠራ የሒሳብ ሰው ይህ ትልቅ ሲሳይ ነው። አየር በሌለበት የኦክስጅን አወራረድ ማለት ንጹሕ የባክቴሪያው ፍጆታ ነው፤ በሰዓት 12.6 ሚሊ ግራም በሊትር። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ንባቡ 4.0 ላይ ረግቶ ስለነበር ፓምፑ ያስገባ የነበረውም ልክ ይህንኑ ያህል ነው። ባክቴሪያ በሌለበት ምግብ ውስጥ የለካነው የኦክስጅን ጣሪያ 5.4 ነው፤ ብረቱና ጨው ከንጹሕ ውኃው ትንሽ ይቀንሱታል። 12.6ን በ1.4፣ ማለትም 5.4 ሲቀነስ 4.0፣ ብናካፍል የአየር ማሻገሪያው ቁጥር፣ ማለትም ኦክስጅን ከአየር ወደ ውኃው የሚገባበት ፍጥነት መለኪያ፣ በሰዓት 9 ይሆናል። መብራቱ ሲመለስ ንባቡ ያደረገው አወጣጥም ከዚህ ቁጥር ጋር ተስማማ። በማግስቱ ፓምፑን ራሳችን እያጠፋን ደገምነው።

አሁን ከዚህ ቁጥር ተነሥተን ቀጥ ያለውን መስመር እንተንብይ። ኦክስጅኑ ከውኃው ውስጥ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ 0.4 ቢሆን፣ ፓምፑ ሊያስገባ የሚችለው በሰዓት 9 ጊዜ 5፣ 45 ሚሊ ግራም ነው። ይህ በብረት ሲተረጎም 0.31 ግራም በሰዓት፣ በቡሬት ደግሞ በሁለት ሰዓት 0.56 ሚሊ ሊትር። ቀደም ሲል የለካነው 0.55 ነበር። ከባክቴሪያው ምንም ሳንጠይቅ፣ ከፓምፑ ብቻ፣ የግራፉን ግማሽ አገኘነው።

ኅዳር አጋማሽ

ሞዴሉ አሁን ሦስት እኩልታ አለው፦ ባክቴሪያ፣ ብረት፣ የሟሟ ኦክስጅን። ተማሪዬ በመጀመሪያ በኤክሴል፣ በግማሽ ሰዓት እርምጃ ሞከረችው። ኦክስጅኑ አንዴ 30፣ አንዴ ከዜሮ በታች እየሆነ ዘለለ። ምክንያቱ ኮዱ ሳይሆን የጊዜው መጠን ነው። ባክቴሪያው በሰዓታት ይለወጣል፣ ኦክስጅኑ በደቂቃዎች። ማሻገሪያው ቁጥር 9 ሲሆን ቀላል በሆነው የኦይለር ዘዴ (ጊዜውን በእኩል እርምጃ እየቆረጡ ማስላት) እርምጃው ከ13 ደቂቃ ካለፈ ስሌቱ መረጋጋት አይችልም። እርምጃውን ማሳጠር ይቻላል፤ እኛ ግን የኦክስጅኑን እኩልታ ከናካቴው አስወገድነው። የሚገባውና የሚበላው ኦክስጅን በየቅጽበቱ እኩል ነው ብለን ስንወስድ ዲፈረንሺያል እኩልታው ወደ ተራ ኳድራቲክ ይወርዳል። በፓይተን ውስጥ ሁለት መስመር ነው። የቀረው ሥራ የልጅ ሥራ ሆነ፣ ውጤቱም ከሙሉው ስሌት አይለይም።

አዲሱ ሞዴል ሁሉንም ጠርሙሶች በአንድ የፍጥነት ጣሪያ ያስኬዳል፦ 0.09። የሞኖ እኩልታ ብቻውን የሰጠን 0.05 የባክቴሪያውም የፓምፑም አልነበረም፤ የሁለቱ ድብልቅ ነው። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች በየጽሑፉ “የባክቴሪያው ባሕርይ” እየተባሉ ሲጠቀሱ ሳይ አሁን አሁን በጥርጣሬ ነው የማየው። ጠርሙሱ ምን ያህል ይሞላ ነበር? አየሩ በስንት ይገባ ነበር? ከተማው የት ነው?

ኅዳር፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ ቀልድ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በ30 ዲግሪ በባሕር ጠለል ላይ ንጹሕ ውኃ 7.5 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ እኛ ዘንድ 5.5። ያው ጠርሙስ፣ ያችው ፓምፕ፣ ያው ባክቴሪያ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢቀመጡ ቀጥ ያለው መስመር በ40 በመቶ ያህል ይሾላል። ያን ያህልም መሄድ አያስፈልግም። ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚባል ብቻ በስሌታችን መሠረት አንድ አምስተኛ ያህል ፍጥነት ይገኛል። ባልደረባዬ ጠርሙሱን በሚኒባስ ይዤ ልውረድ ብሎ ነበር፤ ሰልፈሪክ አሲድ በሚኒባስ አይጫንም ብዬ ተከራከርኩ።

ከፍታ ሥራውን አይከለክልም። በቺሊ የሚገኘው ኬብራዳ ብላንካ የተባለው የመዳብ ማዕድን 4,400 ሜትር ላይ፣ ከጮቄ ተራራ ራስ በላይ ማለት ነው፣ ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ መዳቡን በባክቴሪያ አሟሙቷል። እዚያ አየሩን በማዕድኑ ክምር ሥር በቱቦ እየነፉ ነበር የሚያስገቡት። ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያሰላው የአየሩን ነገር ነው።

ታኅሣሥ

ብርዱ ጠና። ኢንኩቤተሩ መብራት ሲሄድ በአንድ ሌሊት ወደ ክፍሉ ሙቀት ይወርዳል፣ የክፍሉ ሙቀት ደግሞ ጠዋት ላይ 14 ነው። ጋሼ ጠርሙሶቹን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው በካርቶን ያሳድሯቸዋል። ግድግዳው ላይ ቢጫ ቅርፊት መያዝ ጀምሯል፤ ጃሮሳይት ነው፣ ፌሪክ ብረት ከፖታሲየምና ከሰልፌት ጋር ሲረጋ የሚፈጠር። ባክቴሪያውም ቅርፊቱ ላይ ስለሚለጠፍ በማይክሮስኮፕ መቁጠር ዋጋ የለውም። ፒኤቹን ከ1.8 እንዳይወጣ መጠበቅ ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም።

ታኅሣሥ መጨረሻ

ወደ ድንጋዩ ገባን። ከጂኦሎጂ ክፍል የማስተማሪያ ስብስብ ተርፎ የተሰጠን አንድ እፍኝ ካልኮፓይራይት ነው፤ የመዳብ፣ የብረትና የድኝ ማዕድን፣ ወርቅ የሚመስል። በሸክላ ሙቀጫ ወቅጠን በወንፊት ለየነው፦ ከ75 ማይክሮሜትር በታች ያለው አንድ ወገን፣ ከፍ ያለው ሌላ ወገን።

መዳቡን የምንለካው በአሞኒያ ነው። ከጠርሙሱ ጥቂት ተወስዶ አሞኒያ ሲጨመርበት ብረቱ ቡናማ ጭቃ ሆኖ ይረጋል። በማጥለያ ወረቀት ሲያልፍ የሚወርደው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ መዳቡ ያ ነው። መጠኑ ከታወቀ መዳብ የተሠሩ የሙከራ ቱቦዎችን በመስኮቱ ብርሃን አሰልፈን ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም እናያለን። ሻካራ ዘዴ ነው፤ ያም ሆኖ የጋሼ ዓይን ከእኔና ከተማሪዬ ዓይን ተደምሮ ይበልጣል።

ለድንጋዩ የሚሆነው ሞዴል ባክቴሪያን አያውቅም፤ እየቀነሰ የሚሄድ እንክብል ነው የሚያውቀው። ከ1 ላይ ያልሟሟውን ድርሻ ኩብ ሩት ቀንሰን ከጊዜ ጋር ስንሥለው ቀጥ ያለ መስመር ከመጣ የሚወስነው በእንክብሉ ገጽ ላይ ያለው ኬሚካዊ ምላሽ ነው። ለምሳሌ ራዲየሱ አንድ አሥረኛ ብቻ ሲቀንስ ማዕድኑ 27 በመቶ ሟሟ ማለት ነው። ልክ እንደ እርሾው ፍተሻ ሁሉ እዚህም መለያ አለ። እንክብሉ እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ከሆነ ወሳኙ ገጹ ነው። ጊዜው አራት እጥፍ ከሆነ ግን በእንክብሉ ዙሪያ የተጠራቀመውን ቆዳ ሰንጥቆ ማለፍ ነው ፈታኙ። የደቀቀው ወገን በመጀመሪያ ቀጥ ብሎ ሄደና ዘመመ። ካልኮፓይራይት በዚህ የታወቀ ነው፤ መሟሟት ይጀምርና ቆዳ አውጥቶ ይዘጋል።

ጥር

እዚህ ላይ የአየሩ ነገር ተመልሶ መጣ፣ በሌላ መልኩ። ፌሪክ ከፌረስ ጋር ሲነጻጸር በበዛ መጠን የውኃው የኤሌክትሪክ ፖቴንሻል ይወጣል፤ በ30 ዲግሪ ምጣኔው 10 እጥፍ ባደገ ቁጥር 60 ሚሊ ቮልት። ለፓይራይት ከፍ ያለ ፖቴንሻል መልካም ነው። ካልኮፓይራይት ግን ፖቴንሻሉ ከልክ ሲያልፍ እንደሚታፈን በብዙ ላብራቶሪዎች ታይቷል። እስካሁን ስንራገመው የነበረው የአየር እጥረት ደግሞ ፌረሱን ሳይጨርስ የሚያቆይ፣ ፖቴንሻሉንም የሚያወርድ ነው። እንግዲህ ባክቴሪያውን የሚያዘገየው ነገር መዳቡን ሊያፈጥነው ይችላል።

ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ተክለናል። የአንዱ ቱቦ እንዳለ ነው፤ የሌላው በማነቂያ ተጨብጦ የማሻገሪያ ቁጥሩ ወደ 3 ወርዷል። የደቀቀው ወገን ማዕድን እኩል ተመዝኖ ገብቶባቸዋል። እስካሁን የታነቀው በሰማያዊው አንድ ቱቦ ቀድሟል፤ አንድ ቱቦ ግን የዓይናችን ስህተት የሚያክል ነው። ልዩነቱ ወደ ሁለት ቱቦ ከሰፋ የእንክብሉ እኩልታ የፌሪክና የፌረሱን ምጣኔ እንደ ተለዋዋጭ ማስገባት ይኖርበታል። ተማሪዬ ኮዱን አስቀድማ ጽፋዋለች። የሚቀረው ፖቴንሻሉን የሚለካውን የፕላቲነም ኤሌክትሮድ ከኬሚስትሪ ክፍል መዋስ ነው፤ ለሱ ደብዳቤው ገብቷል።